በሩን የቆለፈው ድግምት አይደለም

ለተከበሩ የመጽሐፉ ደራሲና የአሳታሚ ድርጅቱ ዋና አዘጋጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የዚያችን ሁሉን ሰሚ የድምፅ መቅረጫዎን ጤና በአክብሮት እጠይቃለሁ። እኛ ደኅና ነን። ታላቅ እህቴም ደኅና ናት፤ ከቤት አትወጣም እንጂ።

ረስተውን እንደሆነ፣ የዛሬ ዓመት ሦስት ቀን ሙሉ ሳሎናችን ተቀምጠው፣ እህቴን «እናቴ፣ እናቴ» እያሉ ትሠራበት ስለነበረው የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቃጠሎ የጠየቋት እርስዎ ነዎት። አሥራ ስምንት ዓመት ለእኔ ለእህቷ እንኳ ያልተነፈሰችውን ለእርስዎ ዘርግፋ ነገረችዎ። ተናገሪ፣ ጨዋ ሰው ናቸው ብዬ ያግባባኋት እኔ ነኝ። ሻዩንም የቀዳሁልዎ እኔው ነኝ፤ ምነው ያኔ እጄን በቆረጠው!

አሁን ታሪኩን ዘንዶና አስማት ጨምረው ለወጣቶች ስላሳተሙት ምስጋናዬን በተራ በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ ስለ ዘንዶው። በዘንዶው የተቀየምን እንዳይመስልዎ። ጣሪያው ላይ ተቀምጦ እሳት ይትፋ፤ ልጆች ናቸው የሚያነቡት፣ ደስ ይበላቸው። እንዲያውም ከፋብሪካው የሠራተኞች አለቃ፣ ከፎርማኑ ይልቅ አንጀት አለው።

፪ኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ። ሽርጡ ሰማያዊ እንደነበር፣ ማሽኖቹ በስምንት ረድፍ እንደቆሙ፣ አንዱም አልተሳሳተም። እንዴት ይሳሳታል? ገጾቹን አርሚልን ብለው ሲልኩላት፣ እህቴ መነጽሯን አድርጋ የክሩን ውፍረት ሳይቀር አስተካክላ መለሰችልዎ። የባለሙያ ኩራት ነገር! የላኩላት ግን ስለ ስፌቱ የሚያወሩትን ገጾች ብቻ ነበር፤ ስለ በሩ የሚያወራው ምዕራፍ ፖስታው ውስጥ አልገባ ብሎዎት ይሆናል።

፫ኛ፤ ስለ በሩ። እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ። በመጽሐፍዎ የኋላው በር የጥንት ድግምት ያለበት ነው፤ እሳት ሲያይ በራሱ ይቆለፋል፤ ጥፋተኛ የሚባል ሰው የለም። እህቴ የነገረችዎ ይህንን ነው? ሴቶቹ ጨርቅ ደብቀው ይወጣሉ በሚል በየቀኑ ከውጭ የሚቆልፍባቸው ፎርማኑ ነበር። የዚያን ዕለትም ቆልፎ፣ ቁልፉን ኪሱ ከትቶ ምሳ ሄደ። እህቴ በመቀስ እጀታ በሩን ስትደበድብ ቆይታ በመጨረሻ ሰዎች በመስኮት አወጧት። አሥራ አንድ ጓደኞቿ እዚያው በሩ ሥር ቀሩ።

፬ኛ፤ ስለ ምስጋና ገጽዎ። የፋብሪካውን ባለቤት ስለ ቀና ትብብራቸው አመስግነዋል፤ ይሁን፣ የሚያውቁት እርስዎ ነዎት። ከእሳቸው ሥር ግን የእህቴን ሙሉ ስም ጽፈው፣ የታሪኩን ትክክለኛነት ያረጋገጡ ብለዋታል። ከሟቾቹ አንዷ የሆነችው፣ ከእህቴ አጠገብ ትሰፋ የነበረችው ልጅ እናት፣ የልጅ ልጃቸው ከትምህርት ቤት ያመጣችውን ይህንኑ መጽሐፍ ይዘው መጡ። ደጃፋችን ላይ ቆመው፣ ልጄን የገደላት ድግምት ነው ብለሽ መሰከርሽ ወይ አሏት። ሴትዮዋ ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያዩን ፊታቸውን ያዞራሉ፤ እህቴም አፏን መልሳ ከዘጋች ይኸው አራት ወሯ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። በሚቀጥለው እትም ዘንዶውን ይተዉት፤ ከፈለጉም ሁለተኛ ራስ ይጨምሩለት። ቁልፉን ግን ፎርማኑ ኪስ ውስጥ ይመልሱልን። ይህ ከከበደዎ የእህቴን ስም ከዚያ ገጽ ያንሱልን። አምነንዎት ነበር እኮ!

የተቀመጡባት ወንበር ዛሬም ባዶዋን እንዳለች እየገለጽኩ፣ ለብዕርዎ ልቡና እንዲሰጥልን ከልብ በመመኘት፣

ሻይ ቀጂዋ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ «መጽሐፌን ጥለውት ይሆን?» ብለው እንዳይጨነቁ። ከቃጠሎው ወዲህ እህቴ ቤታችን ውስጥ አንድም በር እንዲዘጋ አትፈቅድም፤ ነፋሱም በሩን እየዘጋ አስቸግሮን ነበር። መጽሐፍዎ ወፍራም ስለሆነ መኝታ ቤቷ በር ሥር ወሽቀነዋል። እርስዎ ከነኳቸው በሮች ሁሉ ክፍት የቀረው እሱ ብቻ ነው።