እናቴን ላስጠሩብኝ ለኮሌጁ የሥነ ሥርዓት ኃላፊ

አለፍኩ! አምፖሉ በራ! አንዱን ማብሪያ ከደረጃው ሥር፣ ሌላውን ከደረጃው ራስ አድርጌ ስጫነው፣ ያለ ጭስ፣ ያለ ጩኸት ቦግ አለ፤ ፈታኙም «ጥሩ ነው» አለኝ። የመጀመሪያ ዓመት ኤሌክትሪክን አልፌያለሁ!

ውይ፣ ሰላምታውን ረሳሁት። ደስታ እንዲህ ያደርጋል፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ለተከበሩ የኮሌጃችን የተማሪዎች ሥነ ሥርዓት ክፍል ኃላፊ፦ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎስ? ጆሮዎስ? በተለይ የጆሮዎ ነገር ያሳስበኛል፤ ምክንያቱን ወደ ታች ወረድ ሲሉ ያገኙታል።

ይህን ደብዳቤ በአደባባይ የጻፍኩት ውለታዎን ለብቻዬ ይዤ መቀመጥ ንፉግነት ስለሚሆንብኝ ነው። ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አግብቼ፣ ሦስት ልጆች አሳድጌ፣ የመጨረሻዋ ከቤት ስትወጣ እኔም ደብተሬን ይዤ የወጣሁ ሴት ነኝ። «በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል?» ላለኝ ዘመድ ሁሉ «ቆይ ታያላችሁ» ብዬ ስለነበር፣ ሳልፈተን ብቀር ኖሮ የምገባበት አልነበረኝም። ስለዚህ ምስጋናዬ በተራ ቁጥር ቀርቧል።

1. ስለ በሩ ጥበቃ። ጠዋት ጠዋት «እናት፣ የወላጆች ስብሰባ እኮ ዛሬ አይደለም» እያለ ከጥላው ሥር እንዳርፍ ስለሚጋብዘኝ ምስጋናዬ ይድረሰው። መታወቂያዬን ሳወጣለት «የልጅዎን ሳይሆን የራስዎን» ይለኛል። ፎቶው ላይ ያለችው ማን መስላው እንደሆነ እንጃ።

2. ስለ ወንበሮቻችሁ። መጻፊያቸው ከክንዳቸው ጋር የተበየደው እነዚያ ወንበሮች ለኮረዳ ወገብ የተለኩ በመሆናቸው፣ መልስ ልመልስ ስነሳ ወንበሩም አብሮኝ ይነሳል። በልጄ ዕድሜ ያለው ትሁቱ መምህራችን «ሁለታችሁም ተቀመጡ» ያለ ዕለት ክፍሉ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ብቻዬን እንዳልቆም ስላሰባችሁልኝ እግዜር ይስጥልኝ።

3. ይኼኛው ዋናው ነው። እርግጥ ነው፣ ክፍል ውስጥ አወራለሁ፤ አልክድም። የዚያን ዕለት አጠገቤ ለምትቀመጠው፣ «ማዘር» እያለች ለምትጠራኝ ልጅ፣ ፀጉርሽ መሰርሰሪያው ውስጥ ሊገባ ነው እያልኳት ነበር፤ ከዚያ ስለ ፀጉር ተነሳ፣ ከፀጉር ወደ እህቴ ሠርግ ሄድን፣ ሙሽራው ሳይመጣ መምህሩ አስወጣኝ። እርስዎም ከመነጽርዎ በላይ አይተውኝ፣ በወሬ ከክፍል የተባረረ ተማሪ ወላጅ ሳያመጣ ፈተና አይቀመጥም አሉኝ። ፈተናው ደግሞ ከነገ ወዲያ ነበር። ሃምሳ ሊሞላኝ ነው ብልዎት «ደንቡ ዕድሜ አይጠይቅም» አሉ። ባለቤቴን ላምጣ ብልዎት «ባል ወላጅ አይደለም» አሉ፤ ትዳሬን ሙሉ «እናትህ አይደለሁም» ስለው ለኖርኩ ሴት ይህ አዲስ ነገር አልነበረም።

ስለዚህ እናቴን አመጣሁልዎ። ሰማንያ ያለፋት ሴት በከዘራዋ ያንን ሁሉ ደረጃ ወጥታ ስትደርስ፣ ብድግ ብለው የራስዎን ወንበር ለቀቁላት። የጎዳዎት ይኼው ጨዋነትዎ ነው። «ምን አጠፋች ልጄ?» አለችዎት። «ታወራለች» አሏት። «ውይ! እሷ እኮ ከልጆቼ ሁሉ ዝምተኛዋ ናት!» አለችና ጀመረች።

ከጉልበቷ ሕመም ተነስታ በጎረቤቷ ድመት በኩል አድርጋ እርስዎ ላይ ደረሰች፤ ለምን እንደከሱ፣ ቁርስ ማን እንደሚሠራልዎ፣ ያ ሳል ከመቼ ጀምሮ እንደያዘዎ። ጸሐፊዎ ስብሰባ እንዳለብዎ ልታስታውስዎ ገብታ እሷም ወንበር ስባ ቁጭ አለች። ምሳ ሰዓት አለፈ። እኔ በዚህ ሁሉ መሐል አንዲት ቃል እንዳልተነፈስኩ ይመሰክሩልኛል፤ መግቢያ ቀዳዳ መች ተገኘ? በመጨረሻም «ትፈተን! ትፈተን!» ብለው ፈቃዱን ሰጡኝና፣ በሩ ላይ «እባክሽ እህቴ፣ ሁለተኛ ወላጅ እንዳታመጪ» ብለው በጆሮዬ የለመኑኝን አልረሳውም።

ከምሬ የማመሰግንዎት አንድ ነገር አለ። ልጅ ሳለሁ ወላጅ ሲጠራ የሚሄደው አባቴ ነበር። እናቴ «ለልጅሽ ነይ» ተብላ ትምህርት ቤት ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው፤ ይኸው እስከ ዛሬ ለሰፈሩ ሁሉ «ኮሌጅ ፈልጎኝ» እያለች ታወራለች።

ዝምታን በትርፍ ሰዓቷ የምትለማመደው፣ ከወንበሯ ጋር በአክብሮት ብድግ የምትልልዎ፣ የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎ።

የተረሳ፦ ድግስ አለ። ጥበቃው፣ መምህሩ፣ ክፍሉ በሙሉ፣ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቷል፤ ቤቴ ከጠፋባችሁ ከኮሌጁ ኋላ፣ ከልብስ ሰፊው ቀጥሎ፣ በሩ ላይ አምፖል የሚበራበት ቤት ነው። እርስዎ ያለ ወላጅ መግባት ተፈቅዶልዎታል። እናቴ «ጨዋታዬን ከመሐል ነው ያስቆመኝ» ብላ ከጎኗ ወንበር ይዛልዎታለች። ቀጠሮ አለብኝ እንዳይሉ ደግሞ ቀኑን ከጸሐፊዎ ጋር ተመካክረን ነው የቆረጥነው፦ የፊታችን ቅዳሜ፣ ከቀኑ በስምንት ሰዓት።