ወረቀት የሚያነቃንቅ ትንፋሽ

ግንቦት 6
ዛሬም አዳማ ትንድዳለች። ኮሌጁ ውስጥ ሁለተኛውን ፎቅ ጠርጌ ስጨርስ የቋንቋ መምህራኑ ቅርጫት ሞልቶ ነበር። አራት ገጽ አወጣሁ፣ ሻይ የፈሰሰበት። የእንግሊዝኛ ድምፅ ከአፍ ውስጥ እንዴት እንደሚወጣ ይናገራል። አንዱ ገጽ ላይ የሰው ፊት ለሁለት ተሰንጥቆ ተስሏል... ምላሱ፣ ላንቃው፣ ጥርሱ ሁሉ ይታያል።

እንግሊዝኛዬ ከካርቶንና ከመድኃኒት ወረቀት የተለቀመ ነው። ሳነበው ይገባኛል። እንዴት እንደሚባል ግን ማን ነግሮኝ ያውቃል?

ቤት ስገባ ባሌ ጉደታ መስኮቱ ጋ ተቀምጧል። «ዋልክ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ስትሮኩ ከመታው አራት ወር። ሃያ ሁለት ዓመት መናኸሪያ ውስጥ «ሞጆ! ሞጆ! አንድ ሰው!» ሲል የኖረ ተራ አስከባሪ... አሁን ትንፋሽ ብቻ። እኔንም በስሜ ከጠራኝ አራት ወር።

ግንቦት 9
ጋሽ መርዳሳ ከወለንጪቲ መጣ። የጉደታ ታላቅ ወንድም። «ያ ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ» እያለ ጉንጩን ሳመው። ከዚያ ወደኔ ዞረና...
«አንቺ ቀኑን ሙሉ ሥራ ነሽ። እሱ እዚህ ግድግዳ ሲያይ ይውላል። እኔ ጋ ሰው አለ፣ ከብት አለ፣ ጥላ አለ። ክረምቱ ሲወጣ መጥቼ እወስደዋለሁ።»
«እሱስ ምን ይላል፣ ጋሼ?»
«ምን ሊል ይችላል?»
ጉደታ መሬት መሬት አየ። መርዳሳ ክፉ ሰው አይደለም። ያለውም ውሸት የለውም። ግን ሳይጠየቅ?

ግንቦት 17
ገጹ ላይ እንዲህ ይላል... ቀጭን ወረቀት ከአፍህ ፊት ያዝ፤ የእንግሊዝኛውን «ፔን» ስትል ወረቀቱ ይዝለል። ሞከርኩ። ዘለለ! «ጳውሎስ» አልኩ። እምብዛም። የኛው ጰ ትንፋሹን ቆጥቦ ነው የሚፈነዳው። ለካ አፌ ይህን ሁሉ ይሠራ ነበር።

ጉደታ ያየኛል። የከንፈሩ ዳር ፈገግ አለ፤ ከጥር ወዲህ የመጀመሪያው። ደፈርኩና ወረቀቱን እሱ አፍ ፊት ያዝኩት። ምንም። እንደገና... ትንሽ ንቅንቅ። ከዚያ ፊቱን አዞረ።

ምን ነካኝ? ሕፃን አደረግሁት?

ግንቦት 18
ወረቀቷን ትራሱ ሥር አገኘኋት። እሱ ነው ያስቀመጣት።

ሰኔ 4
ደረጃው ላይ ሳነብ መምህርት ሙሉብርሃን ያዘችኝ። ገጹን ሽርጤ ሥር ሸጎጥኩ።
«እትዬ የሺ፣ ምን እያነበቡ ነው?»
አወጣሁ። ትቆጣለች ስል ሳቀች፤ አጠገቤ ቁጭ አለች።
«እስቲ ባናና ይበሉ።»
«ባ-ና-ና።»
«ሦስቱንም እኩል አሏቸው። እንግሊዝኛ እንደሱ አይሄድም። መሐሉን ይምቱት፣ ዳርና ዳሩን ዝም ብለው ይልቀቁት። በናነ። ደካሞቹ ብርቱውን ተደግፈው ያልፋሉ። በእጅዎ ጠረጴዛ እየመቱ ይለማመዱ።»
ለምን ይማራሉ አላለችኝም። እግዜር ይስጣት።

ሰኔ 5
ጠረጴዛ እየመታሁ... በናነ። ቲማቲሙን ተሜቶ። በናነ። ቀና ስል ጉደታም በግራ እጁ ይመታል። ብርቱው ላይ ብቻ! አንዴም አልሳተም።

እንዴት ረሳሁት? ሲጣራ እኮ የሚኒባሱን ጣሪያ በመዳፉ ይመታ ነበር።

ሰኔ 15
ልጃችን ቦንቱ ከምትሠራበት ፋብሪካ፣ ከዱከም ደወለች። ልምምዳችንን ነገርኳት።
«እማዬ! አማርኛው ሳይመለስለት እንግሊዝኛ?»
«ኦሮምኛውም አልተመለሰም» አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዝም አለች። ስታለቅስ ድምፅ አታሰማም፣ እንደኔ ናት።

ሐምሌ 11
ዝናብ። በተሰነጠቀው ፊት ላይ «ም»ን አሳየሁት። ከንፈር ይዘጋል፣ ድምፁ በአፍንጫ ይወጣል። ጣቴን አፍንጫዬ ላይ አድርጌ አንጎራጎርኩ። እሱም አንጎራጎረ። መታን፣ አንጎራጎርን። መታን... ከንፈሩ ተከፈተ።
«ሞ... ሞጆ።»
ከዚያማ ማን ያቁመው! «ሞጆ! ሞጆ!» ጎረቤታችን ሃፍሳ ከአጥሩ ማዶ ጮኸች፦
«ጋሽ ጉደታ፣ ስንት ሰው ቀረ?»
እየሳቀ እንባው ወረደ።

ነሐሴ 2
ውሃ ፈልጎ «ሞጆ»። መድኃኒቱን አልፈልግም ሲል «ሞጆ»። ጭኑን በጡጫ መታ። መምህርቷን ጠየቅኳት። «ሲጣራበት የኖረው እንደ ዘፈን ነው፤ በራሱ ይመጣል። አስቦ የሚናገረው ይዘገያል። ቃሉን አስቀድሞ በእጁ ይምታው» አለችኝ።

የኔን ስም በልልኝ አላልኩትም። አልልም።

ጳጉሜን 3
«ው-ሃ።» ሁለት ምት። ሦስት ብርጭቆ አጠጣሁት፣ ደጋግሞ እንዲለው ብዬ። ሦስተኛውን ተይኝ ብሎ በዓይኑ ለመነኝ።

መስከረም 21
መርዳሳ መኪና ይዞ መጣ። የጉደታን ልብስ አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ነበር። በኔ ምክንያት ቀረ እንዳይባል። ወይስ ድካሜ ነው ያጠፈው? እውነቱን ልጻፍ... ደክሞኛል። ግን እንዲሄድ አልፈልግም።

«በል ተነስ፣ ወንድሜ።»

ጉደታ አልተነሳም። ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ጎተተ። ግራ እጁን አነሳ። መታ።
«ከ...»
ቆመ። ግንባሩ በላብ ራሰ።
«ተወው፣ አትጨነቅ» አለ መርዳሳ።
«ይጠብቁት፣ ጋሼ!» አልኩ። በተጋባንበት ሃያ ስድስት ዓመት ድምፄን ከፍ አድርጌበት አላውቅም። እሱም ደነገጠ፣ እኔም።

እንደገና መታ።
«ከ... የሺ... ጋ።»

ሦስት ምት። የመጨረሻው ድምፅ ሳይሆን ትንፋሽ ነበር። ተሰማ ግን።

መርዳሳ ባርኔጣውን አውልቆ ሻንጣው ላይ ቁጭ አለ። «ለካ ይጠየቅ ነበር» አለ። ሲወጣ በሩ ላይ ዞሮ፦ «ከብቶቹን ምን ልበላቸው?»
ጉደታ ጠረጴዛውን መታ። «ሞጆ!»
መርዳሳ እየሳቀ ሄደ።

መስከረም 25
መምህርቷ ዛሬ አዲስ ገጽ ሰጠችኝ፤ ከቅርጫት ያልወጣ፣ ንጹሕ። የተሰነጠቀውን ፊት ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት። ማንም ገብቶ ይየው።

ከሥራ መልስ «ፖ-ቴ-ቶ» ብዬ አነበብኩ፣ ሁሉንም እኩል። ጉደታ ራሱን ግራ ቀኝ ነቀነቀ። መሐሉን መታልኝ። ጠበቀኝ። «ፐቴቶ» አልኩ። እንደገና መታ፣ ገና ነው ማለቱ ነው። ሦስት ጊዜ አረመኝ።

ከዚያ ከትራሱ ሥር ወረቀቷን አምጥቶ ሰጠኝ። አፉ ፊት ያዝኳት። ምን በል ልበለው? እሱ ራሱ መረጠ።

«የሺዬ።»

ወረቀቷ ተነቃነቀች።