ካሜራው ደህና ነው ተባለ

ለማልጠግብህ ወንድሜ ለጸሐዩ፣

ሐዋሳ እንዴት ይዛሃለች? እኛ ክብሩ ይስፋ ደህና ነን፤ የጎደልከን አንተ ብቻ ነህ።

ቀፎዎቹን እንዲጠብቅ ዛፍ ላይ ያሰርክልን ካሜራ ወደ ስልክህ ፎቶ የሚልከው እየመረጠ ነው ብለህ ተቆጥተህ ነበር። «እታገኝን ያነሳል፣ ዝንጀሮውን ያነሳል፣ አባየን ሲሆን ይዘላል» አልክ። ዋራንቲው ሳያልፍ ብለህ እንዳዘዝከኝ ፈትቼ ከሰቆጣ መናኸሪያ አዲስ አበባ ላሉት ሻጮች ላክሁት። መርማሪው ደወለልኝና «እህቴ፣ ዕቃው አንድም ነገር የለበትም፤ በፊቱ ያለፈውን ሁሉ ያነሳል» አለኝ። አመስግኜ ዘጋሁት። አባየ ግን «ተበላሽቷል ብለሽ ጻፊለት» አሉኝ።

አምና ከቅዳሴ መልስ ቀፎዎቹ ዘንድ ወጥተው፣ በትራቸውን ከፍ አድርገው በካሜራው ሰላም ይሉህ ነበር። ዘንድሮ ለንቦቹም ሰላምታ የሚልኩት በእኔ ነው። ማሩ እንደ ወተት ነጭ ሆኗል። ያንተን ድርሻ ከራስጌያቸው አስቀምጠውታል፤ እኔንም አያስነኩኝ።

ካሜራው ተመልሶ መጥቷል፤ ዛፉ ላይ ግን አልሰቀልኩትም። አባየ ፀሐይ ከሚሞቁበት መደብ ፊት ለፊት አስሬዋለሁ። ከእንግዲህ አይዘላቸውም፣ ስልክህን እያየህ ቆይ።

ሻጮቹ ዋራንቲው እስከ ፋሲካ ይቆያል ብለውኛል። አንተ ግን ለጥምቀት ና።

አባየ ከተቀመጡበት ሆነው ይስሙሃል።

ዓይኗ መንገድ ላይ የቀረው እህትህ፣
እታገኝ