የዘሃራ ልጅና የእኔ ዓይን

ረቡዕ፣ ኅዳር 10፣ ከሰዓት

ሰሚራን ሁለተኛውን ክትባት አስወግቼ ከጤና ኬላ መግባቴ ነው። ጭኗን ተወጋች፣ አለቀሰች፣ ጡቴን ስሰጣት ዝም። ዘሃራም አንዋርን ይዛ መጥታ ነበር። የባሌ ወንድም ሚስት ናት፤ ግቢያችን አንድ፣ ልጆቻችንም በአንድ ሳምንት የተወለዱ። አንዋርን ሚዛን ላይ ሲያወጡት ሴቱ ሁሉ ዓይን እንዳይበላው ማሻአላህ አለ። ድንቡሽቡሽ ያለ ልጅ! የኔዋ ክር ናት። እኔ ዝም አልኩ። አፌ እምቢ አለኝ፣ ማስታወሻዬ። ዘሃራ ቀና ብላ አየችኝና ልጇን በሻሿ ሸፈነችው።

ዓርብ፣ ኅዳር 12፣ ጠዋት

አንዋር ከክትባቱ በኋላ አተኩሶት ነበር አሉ። ሰሚራንም አተኩሷታል። ያጋጥማል፣ ቶሎ ያልፋል ብላናለች ጤና ኤክስቴንሽኗ። ዛሬ ሁለቱም ደህና ናቸው። ዘሃራ ግን ፊቷን አዙራብኛለች። ዓይኗ ነው አለች አሉ። የኔ ዓይን! ያን ያህል ጉልበት ቢኖረው የራሴን ልጅ አላወፍርበትም ነበር?

እሑድ፣ ኅዳር 21

ባሌ ከሥራ ከሲሪንቃ ሲገባ መጀመሪያ ያነሳው አንዋርን። ወንድ ልጅ፣ ያውም ከባድ! እያለ ወደ ላይ ያጎነዋል። ቀናሁ። አንጀቴ እርር አለ። ሽሮውን ጨው ሳልጨምር አቀረብኩለት፤ ዝም ብሎ በላ። እሱም አናደደኝ።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 7፣ ማታ

ነገ ሦስተኛው ክትባት ነው። ዘሃራ አንዋርን አላስወጋም ብላለች። አማቴን ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። ልብስ እያጠቡ፣ ቀና ሳይሉ፦ «አንቺ ባለሽበት አላወጣውም ትላለች። ምን ልበልሽ ልጄ፣ አንቺስ ማሻአላህ ማለት ምን ገደደሽ?»

ተቆጥቼ ገባሁ። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ አልዋሽሽም። ይቅርባት አልኩ። ቆይቶ የጎረቤታችን የፋጡማ ልጅ ትዝ አለኝ። ክትባቱን ሳይጨርስ ማጅራት ገትር ያዘው፤ ነፍሱ ተረፈች፣ ጆሮው ግን አይሰማም። እናቱ ዛሬም ትረሳና ከኋላው ትጠራዋለች። ዘሃራ አንዋር፣ አንዋር ስትል እሱ ዞር ሳይል ታየኝ።

ኬላው የሚከትበው በወር አንዴ ነው። እኔ ከሄድኩ እሷ ትቀራለች።

ስለዚህ ነገ ሰሚራን በባጃጅ መርሳ ከተማ ጤና ጣቢያ ወስጄ አስወጋታለሁ። ለአማቴ ነግሬያቸዋለሁ፤ ዘሃራ እንድትሰማ ጮክ ብዬ። ቅናቱ አልለቀቀኝም። አንዋር እንዳሻው ይወፍር። ብቻ አይታመም።