ሐምራዊ የሆነችው ወረቀት

መካነ ኢየሱስ፣ ኅዳር ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.

ውድ ቻላቸው፣

«ውድ» ስልህ ልብህ እንዳይሞቅ፤ ደብዳቤ ሲጀመር እንዲህ ይባላል ብለው ስላስተማሩኝ ነው። እኔ ደኅና ነኝ። እንዲያውም ከደስታዬ ብዛት ዛሬ ተማሪዎቼን ያለ ፈተና ሸኘኋቸው።

ታስታውስ እንደሆነ፣ ተጋብተን አርብ ገበያ ከተማ እናትህ ቤት ሳለን፣ ልጅ ዘገየ ተብሎ ነገር ተጀመረ። አንተም ያኔ የክሊኒክ ድሬሰር ነበርህና፣ ሕመም ይኖርባት እንደሆነ ብለህ የሽንት መመርመሪያ ወረቀት ይዘህ መጣህ። ዕቃ ሲጠፋ፣ የንስሐ አባታችን ብርዝ የጠጡበትን ብርሌ እናትህ ለቅለቅ አድርገው «በይ፣ በዚህ አምጪው» ብለው አቀበሉኝ። ወረቀቷን ነከርህ፤ ሐምራዊ ሆነች።

«ስኳር አለባት» አልህ። ለእኔ እንኳ አይደለም፤ ለእናትህ።

«ወይኔ ልጄን! በሽተኛ ነው እንዴ የዳሩለት?» አሉ።

«በሞቴ ቻላቸው፣ ሌላ ወረቀት ንከር፤ እኔ ምንም አያመኝም» ብዬ ለመንሁህ።

«ወረቀት አይዋሽም» ብለህ ወጣህ። ብዙም ሳትቆይ በበቅሎ እስቴ፣ አባቴ ደጅ መለስኸኝ። አገር ሁሉ ሰማ። አባቴ አንገታቸውን እንደደፉ ሞቱ።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ሰው እንዳይሰማ ብዬ፣ ንፋስ መውጫ ሄጄ ተመረመርሁ። ኃይለ ሚካኤል የሚባለው ወጣት ጤና መኮንን በተቀቀለ ጠርሙስ ተቀብሎ ነከረ። ቀለሟ አልተለወጠም። «ድገመው» አልሁት። ደገመው፤ ያው ነው። የድሮውን ነገር ሳጫውተው ጊዜ፦

«እትዬ፣ ወረቀቷ ጫፍ ላይ ኢንዛይም የሚሉት ነገር ተጣብቆ ደርቋል። ስኳር ሲነካው ቀለም ያወጣል፤ ስኳሩ የማን እንደሆነ ግን አያውቅም። ዕቃው ምን ነበረበት?» አለኝ።

ብርዝ! የማር ብርዝ! እዚያው ሳቅ አፈነኝ፤ ደጅ ስወጣ ግን አለቀስሁ። ቻላቸው፣ ወረቀቷማ አልዋሸችም፤ የማሩን ነው የተናገረች። የብርዝ ብርሌ መሆኑን በዓይንህ እያየህ፣ አንዲት ወረቀት ነፈግኸኝ። ደግመህ ነክረህ ቢሆን ኖሮ አባቴ ቀና ብለው በሞቱ።

ይቅርታህን አልፈልግም። ይህን ለእናትህ አንብብላቸው። ከዚያም እሑድ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ያኔ በሽታዬን ለነገርኻቸው ሰዎች ጤንነቴን ንገራቸው፤ ጮክ ብለህ።

ምን አስመረመራት ትል ይሆናል። ይርጋ የሚባል፣ አብሮኝ የሚያስተምር ሰው ሽማግሌ ልኮብኝ ነው። ሳልመረመር በፊት ጠርቼ «የስኳር በሽተኛ ነኝ፤ ሳልደብቅህ ልንገርህ» አልሁት።

«እንግዲያስ ሻይሽን ያለ ስኳር አፈላልሻለሁ» አለኝ።

ሠርጋችን ለጥር ነው። አልጠራሁህም።

አልጣሽ