ዓይኗን ያሳየች ቀን

ውድ ሚጣዬ፣

እልል በይ! መሰላል አለፈች! በር ስትገባ ጎንበስ የምትለዋን ያቺን አብሮ አደግሽን የትልቁ ከተማ የቅርጫት ኳስ ክለብ ወሰዳት። ነገ በጠዋት ትሄዳለች። መኝታ አላት፣ ምግብ አላት፣ ትምህርቷንም እዚያው ትጨርሳለች። ዜናውን እንደሰማሁ ደንበኛዬን ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ውስጥ እንደተቀመጠች ረስቻት በረንዳ ላይ ወጥቼ ስጨፍር ቆየሁ። ስመለስ ሴትዮዋ፣ «ፀጉሬ ደርቆ አልቆ እኔ ራሴ ልደርቅ ነው እኮ!» ትለኛለች። በነፃ ሸኘኋት።

ይህን ካንቺ ቀድሞ ማን ሊሰማው ይገባ ነበር? ማንም። ስለዚህ ካረፍሽ ወዲህ የሆነውን ከሥሩ ልንገርሽ። መቼም አሳጥሬ ማውራት እንደማልችልበት ታውቂያለሽ።

አንቺን ከቀበርን በኋላ መሰላል ኳስ እርም ብላ ነበር። ትምህርት ሲከፈት አሰልጣኛችሁ ቤቷ ድረስ ሄዶ ለምኖ መለሳት። ባንቺ ቦታ ኳስ የምታቀብለው ፌንጣ የምትሏት ያቺ ቀልጣፋ ልጅ ሆነች። ችግሩ እዚያ ላይ ተጀመረ። እናንተ ሁለታችሁ ከልጅነት ጀምሮ የለመዳችሁት ነገር አለ፤ እሷ ወደ ቅርጫቱ ግራ ጥግ ትሮጣለች፣ ዞር ብላ ሳታይ እጇን ትዘረጋለች፣ ኳሱ እጇ ላይ ነው። ተመልካቹ «አስማት ነው» ይል ነበር። ዘንድሮም እንዲሁ ትሮጣለች፣ እጇን ትዘረጋለች፣ ኳሱ ግን ሌላ ቦታ ነው። አንዴማ ፌንጣ ወረወረችላትና ማጅራቷን መታት። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

አሰልጣኙ ልምምዱን አስቁሞ፣ «እዚያ ጥግ ማንን ነው የምትጠብቂው?» አላት። ሰውዬው ክፉ አይደለም፣ አምልጦት ነው። ከዚያ ወዲያ ተቀያሪ ወንበር ላይ አስቀመጣት። የክለቡ መራጮች ደግሞ የሚመጡት ለመጨረሻው ጨዋታ ነው፤ የተቀመጠች ልጅ ማን ይመርጣል? ልጅቷ እንደሆነ ከክለብ ሌላ የምትመኘው ነገር ኖሯት አያውቅም።

ከልምምድ በኋላ ፀጉር ቤቴ እየመጣች ትቀመጥ ጀመር። እግሯ ከወንበሩ እስከ በሩ! ደንበኛ ሁሉ እየተሻገራት ነው የሚገባው። «አንቺ ልጅ፣ እግርሽን ሰብስቢ፣ ገበያዬን አጠርሽው» እላታለሁ። ትስቅና መልሳ ታቀረቅራለች።

«እማ፣ አስቤ አይደለም የምሮጠው፣ እግሬ ነው የሚወስደኝ» አለችኝ አንድ ቀን። «እዚያ ካልሄድኩ ሚጣን ጥያት የሄድኩ ይመስለኛል።»

የደንበኛዬን ፀጉር በቢጉዲን መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

በዚያው ሳምንት ፌንጣ ራሷ ፀጉሯን ልትሠራ መጣች። ጭንቅላቷ እጄ ስር እንደገባልኝ፣ «ለምንድን ነው ለልጄ ጓደኛ ኳስ የማትሰጪያት? ቀንተሽ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ቀስ ይበሉ፣ ፀጉሬን ነቀሉት!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «እኔ ሚጣ አይደለሁም። ስትሮጥ የማየው ጀርባዋን ነው። አንድ ቀን እንኳ ዓይኗን አሳይታኝ አታውቅም። ለማታየኝ ልጅ እንዴት አድርጌ ልወርውር?»

እኔ! የሰፈር ወሬ አፌ ውስጥ የማያድር ሴትዮ ይህችን አንዲት ነገር ለቀናት ተሸክሜ ዞርኩ። ለመሰላል መንገር ማለት «ሚጣን መፈለግ ይብቃሽ» ማለት ሆነብኝ። ትመጣለች ብሎ እጁን የሚዘረጋልሽ ከኔ ሌላ የቀረ ሰው ደግሞ እሷ ብቻ ነበረች።

በጨዋታው ዋዜማ ፀጉሯን ስጎነጉንላት፣ እንደምንም ብዬ፣ «ነገ አሰልጣኙ ካስገባሽ ለፌንጣ ዓይንሽን አሳያት» አልኳት። አንገቷ እጄ ላይ ድርቅ አለ።

«ሚጣስ?» አለች።

«ሚጣን ለኔ ተዪልኝ።»

አሰልጣኙ ያስገባት ፈልጎ አይደለም፣ ሁለቱ ረጃጅሞች በጥፋት ወጥተውበት ነው። ገብታ ወዲያው ወደ ግራ ጥግ መሮጥ ስትጀምር፣ በቃ አለቀላት አልኩ። መንገድ ላይ ቆመች። የዛገ በር ሲከፈት እንደሚያደርገው ቀስ እያለች ዞረችና ፌንጣን አየቻት። ኳሱ መጣ። አገባች። ከዚያ በኋላማ ማን ያቁማት! እኔ አጠገቤ የተቀመጡትን ሰውዬ ባርኔጣ ከራሳቸው ላይ አንስቼ ወደ ሰማይ ወረወርኩት። እስካሁንም እየፈለጉት ሳይሆን አይቀርም።

ፊሽካው እንደተነፋ ላቧ ሳይደርቅ መጥታ ፊቴ ተገተረች። መሳቅም ማልቀስም አቅቷታል።

«እማ፣ ተቀየምሽኝ?»

«እኔ? አንቺን? ሂጂ ወዲያ! ይልቅ ጎንበስ በዪና ልሳምሽ፣ ወንበር ላይ ልወጣ ነው እንዴ?»

አልተቀየምኳትም፣ የእውነት አልተቀየምኳትም። ግን ሚጣዬ፣ ያ ጥግ ባዶውን ቀርቶ ጨዋታው ሲቀጥል፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ እኔም እየጮኽኩ ሳጨበጭብ፣ መሞትሽን ያመንኩት ያን ጊዜ ነው። ስቀብርሽ እንኳ አላመንኩም ነበር።

ነገ ልሸኛት እሄዳለሁ። መኪናው ሳይነሳ ማልቀስ እንደምጀምር መቼም አትጠራጠሪም። የነገው ለቅሶ ግን የእሷ ብቻ እንዲሆን ፈለግሁ። ልጅቷ የሰው ለቅሶ ተሸክማ መንገድ አትጀምር። ለዚህ ነው ያንቺን ዛሬ አልቅሼ ልጨርሰው ብዬ ልጽፍልሽ የተቀመጥኩት።

አላለቀም። በይ እንግዲህ፣ ፊቴን ልታጠብና ልሂድ፤ ሻንጣው አልዘጋ ብሏት እየጠበቀችኝ ነው።

እናትሽ