ሄለን አልመለስም አለች

ልጅሽ አልታረቅም አለች፣ ሽማግሌዎቹም እሺ አሏት! እቴቴ፣ ሰላምታውን ሳላስቀድም ወሬው አፌ ላይ ቀደመኝ። እንደምን አለሽ እህቴ? አፈር ካለበስንሽ ሰባት ዓመት ሆነ። ያን ሁሉ ጊዜ የምነግርሽ ደግ ነገር አጥቼ ዝም ብዬሽ ኖርኩ። ዛሬ ግን እዚሁ ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ ሰፈር፣ በምግብ ቤታችን ጓዳ፣ ሽንኩርቱን ከትፌ ሳልጨርስ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ። ባለቅስም በሽንኩርቱ አሳብባለሁ።

ደስ ብሎኛል። ደስታ ይባል እንደሆነ እንጃ እንጂ።

ሄለን አምና አገባችልሽ። ባሏ እዚሁ ያደገ፣ አየር መንገድ የሚሠራ፣ አንገቱን የደፋ ልጅ ነው ብለን ዳርናት። አንገት ደፊ! ያንቺንም ባል እንዲሁ ብለነው ነበር እኮ። እርጉዝ ሳለች መታት። ጆሮዋን ይዛ ቤቴ ገባች። እናቷን የበላ ነገር ልጅቷንም አድራሻ ጠይቆ መጣ አልኩ።

አንቺን ያስታረቁሽ ቀን ከዓይኔ አይጠፋም። ጋሽ ኃይሉና የዕድሩ ሽማግሌዎች ሳሎንሽ ውስጥ ተሰይመው፣ ባልሽ ጉልበታቸውን ስሞ፣ በሉ አሁን ተጎራረሱ ተባላችሁ። ከንፈርሽ አብጦ ለራስሽ እንኳ መጉረስ አቅቶሽ፣ እሱን አጎረስሽው። እልልም ተባለ።

ደግሞ ያ ሥልጠና! ሚስቶቻቸውን ለሚመቱ ወንዶች፣ ኪሌሌሽዋ ሰፈር አዳራሽ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰጠው። ሽማግሌዎቹ እኛም ዘመናዊ ነን ብለው ይማር ሲሉ ፈረዱበት፤ እሱም አንድ ቀን ሳይቀር ጨረሰ። ሰርተፍኬቱን ከቴሌቪዥኑ በላይ ሰቀለ፣ እኛም ዳቦ ቆረስንለት። አንቺ ግን በዚህ ጓዳ ሙቀት እጀ ረጅም ሹራብ መልበስ ጀመርሽ። ምነው በረደሽ ስልሽ፣ ናይሮቢ ነዋ ብለሽ ሳቅሽ። ለካ እሱ የተማረው የማይታይ ቦታ መምታት ኖሯል። ሲገድልሽም ሰርተፍኬቱ ግድግዳው ላይ ነበር። አሁን እሱ እስር ቤት ነው፤ ለእኔ ግን ምን ሊፈይድልኝ?

ሥልጠናውን የምትመራው፣ ከሩንዳ፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር የምትመጣው ሴትዮ ለቅሶ ስትደርስ አፋጠጥኳት። ይሄ ነገራችሁ ይሠራል ወይስ አይሠራም? አልዋሸችኝም። አንዳንዱ ወንድ እውነት ይለወጣል፣ አንዳንዱ ቃሉን ብቻ ሸምድዶ ይወጣል አለች። እናንተ ግን ትምህርቱን እርቅ አደረጋችሁት፤ እሱ እስኪማር እሷ የት ትቆይ ያለ ማን ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ወንዶቹን ብቻ ማስተማሯን ትታ ሽማግሌዎቹንም ልታስተምር ተነሣች። ጋሽ ኃይሉ እኔ በዚህ ሽበቴ ብለው ስንት ጊዜ አኮረፉ መሰለሽ! ኋላ ግን ሄዱ፤ እስከ መጨረሻውም ተቀመጡ።

አሁን ዕድሩ ደንብ አወጣ። ሽማግሌ ከመቀመጡ በፊት ሁለት ሴቶች ተበዳይቷን ብቻዋን ያነጋግሯታል። ያረፈችበትን ቤት ባልየው አያውቅም። እርቅ የሚባል ቃልም እሷ ካላነሣችው አይነሣም።

ሄለን የመጀመሪያዋ ሆነች። የባሏ ዘመዶች ሳትወልድ ትመለስ ብለው አስቸኮሉ፤ ሽማግሌዎቹም ምግብ ቤቱ መጡ። እኔ ሻዩን ቀድቼ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ጋሽ ኃይሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ ልጄ፣ አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ አሏት። ልጅሽን ታውቂያታለሽ፣ ስትናደድ አማርኛው ይጠፋባታል። «ሲሩዲ!» አለች በስዋሂሊ፣ አልመለስም ማለቷ ነው። ናይሮቢ የሸበቱ ሽማግሌዎች ለዚህ አስተርጓሚ ምን ያደርግላቸዋል! የባሏ አጎት የባልና የሚስት ነገር እኮ ብሎ ሊጀምር ሲል፣ ጋሽ ኃይሉ ከዘራቸውን አንሥተው ሰምተናታል አሉ። በቃ። መርቀዋት ተነሡ። ሲወጡ ጋሽ ኃይሉ ግድግዳው ላይ ካለው ፎቶሽ ፊት ቆመው ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ነፍስሽን ይማር ሊሉ ጀምረው አልጨረሱትም።

አየሽ እቴቴ፣ አንዲት ጥያቄ ነበረች የጎደለችው። ምን ትፈልጊያለሽ! ይህችን ለመጠየቅ አንቺ መሞት ነበረብሽ? እልል ልበል ስል ይህ ይመጣና እተወዋለሁ። ደግሞስ ምኑን ዳንን? ከእኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የምትኖረው ያገራችን ልጅ፣ ባለፈው ወር ፊቷ ሳይሽር ወደ መታት ባሏ ተመልሳ ገባች። እሷም ተጠይቃ ነበር፤ በገዛ አፏ እመለሳለሁ አለች። ዘመድ የላት፣ የመኖሪያ ወረቀቷ በእሱ ስም፣ የት ትሂድ? ከጣራዬ በላይ ወንበር በተጎተተ ቁጥር እንጀራው ከአፌ ይመለሳል። የሄለን ባልም ሥልጠና ገብቷል አሉኝ። ይማር፤ ይለወጥም ይሆናል። እኔ ግን ሰርተፍኬት ያየሁ ዕለት የማስበው ሹራብሽን ነው።

ሄለን ሴት ልጅ ወለደች፤ ግንባሯ ቁርጥ አንቺን። በስምሽ እንጥራት ሲሉ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ያንን ስም ደግሞ በስጋት እየጠራሁ መኖር አልችልም። አንቺን የማስብሽ በሌላ ነው። ሽማግሌ በተቀመጠበት ሁሉ፣ ያቺ ጥያቄ እንዳትዘለል፣ እስክሞት በሩ አጠገብ እቀመጣለሁ።

ይህን ደብዳቤ የምግብ ቤታችን በር ላይ እለጥፈዋለሁ፤ በሉ፣ የምታነቡት ሁሉ፣ ወዳጅም አኩራፊም፣ ከልጅቷ ክርስትና አንድ ሰው እንዳይቀር። ጋሽ ኃይሉ ይመጣሉ፤ ከላይ ያለችውን ልጅ ራሴ ወጥቼ እጇን ይዤ አመጣታለሁ። በዚያ ድግስ ማንም ሴት አጉርሺ አትባልም፤ ሄለን የምታጎርሰው ደስ ያላትን ብቻ ነው። ክርስትናው ለኅዳር ሚካኤል፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ እዚሁ ሳውዝ ሲ።